ጠይቁኝ፦ ከናያግራ እስከ ሃሊፋክስ፣ የካናዳ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም "ካናዳ ውስጥ ምን ይታያል የምትሉ ጻፉልኝ" ብዬ ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም፣ ኢንቦክሴ ሞልቶ ፈሰሰ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለማታውቁኝ፣ አስራ አንድ ዓመት ትራክ ነድቻለሁ፣ ስለዚ ይሄን አገር መጀመሪያ ያየሁት በመስታወት ነው፣ ግማሹን ደግሞ በጨለማ። ስራውን ካቆምኩ በኋላ ነው እንደ ሰው ቆሜ ልየው ብዬ ብዙዎቹ ቦታዎች ተመልሼ የሄድኩት።

ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። "ክረምት" የሚለውን ቃል ደግሞ አልጠቀምም፣ ሰመርና ዊንተር እላለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ጓደኛዬ እናቱን "ክረምት ላይ እንዳትመጪ፣ ብርዱ አይቻልም" ብሏት እሷ ሐምሌን ጠብቃ አሳልፋ ጥር ላይ ከች አለች።

*ጋሼ ሰላም ነው? እናቴ ሐምሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ያለሁት ቶሮንቶ ነው፣ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ሲኤን ታወርን፣ ናያግራን፣ ኪቤክንና ባንፍን በመኪና ላዞራት አስቤያለሁ። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ጊዜው ይበቃኛል?*

አይበቃም የኔ እህት። ማለቴ ቀኑስ ይበቃ ይሆናል፣ የእናትሽ ጉልበት ነው የማይበቃው። ባንፍ እኮ አልበርታ ተራሮች ውስጥ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከቶሮንቶ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሄጃው ብቻ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሁለት ጊዜ ደርሰሽ ብትመለሺ እንኳን ይሄን ያህል አይሆንም። ገና ኦንታሪዮን ለቀሽ ማኒቶባ ለመግባት ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ፣ እሱም ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ሐይቅ፣ እንደገና ዛፍ። እኔ ደሞዝ እየተከፈለኝ ሰልችቶኛል፣ እናትሽ ያውም በነጻ። ካናዳ የኢትዮጵያን ዘጠኝ እጥፍ የሚሆን አገር ነው፣ ሰው ካርታ ላይ ሲያየው አይታወቀውም፣ እዚህ ለዓመታት ኖረው እንኳን "ቫንኩቨር ዊኬንድ ሄደን እንምጣ በመኪና" የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለዚ ባንፍን ከመኪናው እቅድ አውጪው። ካልጋሪ ዘመድ ካላችሁ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከካልጋሪ ባንፍ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ እሱ ቀላል ነው። ከሌላችሁ ለሌላ ጊዜ ተዪው። በመኪና የሚያምረው የምስራቁ መስመር ነው፦ ቶሮንቶ፣ ኦታዋ፣ ሞንትሪያል፣ ኪቤክ ከተማ። ጠቅላላ መሄጃው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በየከተማው እያደራችሁ ብትሄዱ ሽንት ቤቱም ማረፊያውም በየቦታው ስላለ እናትሽ አትቸገርም።

ሲኤን ታወር እሺ፣ ሄደሽ አሳያት፣ ግን ብዙ አትጠብቂ። ቁመቱ 553 ሜትር ነው፣ 1976 ላይ ሲከፈት በዓለም ራሱን ችሎ የቆመ ረጅሙ ግንባታ ነበር፣ ቡርጅ ካሊፋ እየተሰራ 2007 ላይ እስኪበልጠው ድረስ። ሲኤን ማለት የባቡር ድርጅቱ ስም ነው፣ የሰራውም እሱ ነው፣ የተሰራውም ለቱሪስት አልነበረም፣ ከተማው ውስጥ ረጃጅም ፎቆች ሲበዙ የቲቪና የሬዲዮ ሲግናል እየጋረዱ ስላስቸገሩ ነው። አሁን እናትሽ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነች አንድ ነገር ንገሪያት፣ ሲኤን ታወርን አራት ደራርበሽ ብታቆሚው ጫፉ ገና ቦሌ ኤርፖርት ከፍታ ላይ አይደርስም። እድሜዋን ሙሉ ከሱ በላይ ነው የኖረችው። የመስታወት ወለሉ ላይ ግን እንድትቆም አትጎትቻት፣ የኛ እናቶች ዳር ይዘው "በስመ አብ" ነው የሚሉት፣ የኔዋም እንደዛው።

ናያግራ ላይ ግን አንድ ሙሉ ቀን ስጪ። ከቶሮንቶ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪና ባይኖርሽም ጎ ባስ አለ። የእግር መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ዊልቸርም ይሄዳል፣ ከፏፏቴው ጀርባ የሚያስገባውም ዋሻ በሊፍት ነው የሚወረደው። ዋናው የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ፏፏቴ 57 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፣ ጢስ ዓባይም እኮ ከ40 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚ በቁመት ያን ያህል አይራራቁም፣ ልዩነቱ ስፋቱና የውሃው ብዛት ነው። ድንበር ግን ተጠንቀቂ፣ ድልድዩን በእግር ተሻግሮ በአሜሪካ በኩል ማየት የሚባል ነገር አለ፣ እናትሽ የአሜሪካ ቪዛ ከሌላት እንዳትሞክሩት፣ ደግሞም የሚያምረው በካናዳ በኩል ሲያዩት ነው፣ አሜሪካኖቹ ከጎን ነው የሚያዩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ናያግራ ማታ ማታ ይቀነሳል። ቀልድ አይደለም። ካናዳና አሜሪካ 1950 ላይ በተፈራረሙት ውል መሰረት ውሃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ መብራት ማመንጫ ይሄዳል፣ በሰመር ቀን ቀን ለቱሪስት ሲባል ቢያንስ በሰከንድ 2,800 ሜትር ኪዩብ ገደማ እንዲወርድ ይደረጋል፣ ከማታ አራት ሰዓት በኋላና በዊንተር ግን ግማሹ በቂ ነው ተብሏል። እኔ ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጢስ ዓባይ ነው። እዛም 2001 ላይ ሁለተኛው ማመንጫ ስራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ወደ ተርባይን ሲሄድ ፏፏቴው ክር የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ከባህር ዳር ድረስ ሄዶ አዝኖ የተመለሰ ሰው ስንት ነው። ነገሩ አንድ ነው፣ እነዚህ ግን ቱሪስቱ መቼ ቆሞ እንደሚያይ ሰዓቱን ውል ላይ ጻፉት። ስለዚ እህቴ፣ ቀን ላይ ድረሺ።

እና ከነሐሴ መጀመሪያ ጋር ከተገጣጠመባችሁ ፍልሰታ ነው፣ ከዳንፎርዝ የጾም በያይነቱ አስጠቅልለሽ ያዢ። ኪቤክ ከተማ ውስጥ ሽሮ እየፈለግሽ ስትዞሪ እንዳላይሽ።

*ሰላም ወንድሜ፣ የምኖረው ዱባይ ነው። ካልጋሪ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሌክ ልዊዝ የሚባል ቦታ ሄዶ ፎቶ ላከልኝ፣ ውሃው ቀለም የተደፋበት ነው የሚመስለው። ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል፣ እኔ ፊልተር ነው ብያለሁ። ፍረደን። ለመምጣትም እያሰብኩ ነው፣ መቼ ልምጣ?*

ብሩን ክፈል። ፊልተር አይደለም።

ሐይቁ ያለው ባንፍ ፓርክ ውስጥ ነው፣ ከሱ በላይ ተራራው ላይ የሺህ ዓመታት ግግር በረዶ አለ፣ እሱ በራሱ ክብደት በጣም በቀስታ ወደ ታች ሲንሸራተት ከስሩ ያለውን ድንጋይ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፣ የሚወጣው ዱቄት ደግሞ ከጤፍ ዱቄት በጣም የላመ ስለሆነ በረዶው ሲቀልጥ ከውሃው ጋር ሐይቁ ውስጥ ይገባና አይዘቅጥም፣ ተንሳፍፎ ይቀራል። ፀሐይ ሲመታው ያ ዱቄት ነው ብርሃኑን የሚበትነውና ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መሃል ያለውን ቀለም ወደ አይንህ የሚመልሰው። ውሃውን በብርጭቆ ብትቀዳው ትንሽ ደፍረስ ያለ ተራ ውሃ ነው። ለዛ ነው ጊዜውም የሚወስነው፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ቆይቶ የሚከፈተው ግንቦት መጨረሻ ሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ዱቄቱ በደንብ የሚገባው ግን በረዶው በደንብ ሲቀልጥ ነው፣ ስለዚ በፈረንጅ ጁላይና ኦገስት ና። አንድ የማውቀው ሰው ከዋሽንግተን ድረስ ትኬት ቆርጦ ሜይ መጀመሪያ ላይ ሄዶ ነጭ ሜዳ አይቶ ተመለሰ።

ሐይቁን ልዊዝ ያሉት በንግስት ቪክቶሪያ ልጅ ነው፣ ሙሉ ስሟ ልዊዝ ካሮላይን አልበርታ፣ ክፍለ ሀገሩንም አልበርታ ያሉት በሷ ነው። አንዲት ልጅ ሐይቅም ክፍለ ሀገርም ወሰደች። ስቶኒ ናኮዳ የሚባሉት የአካባቢው ተወላጆች ግን ከዛ በፊት የትንንሽ ዓሳዎች ሐይቅ ነበር የሚሉት፣ 1882 ላይ ለባቡር መንገድ ስራ የመጣውን ነጭ ሰውዬ መርቶ ያሳየውም የነሱ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሶስት የባቡር ሰራተኞች ባንፍ አጠገብ ፍል ውሃ አገኙና የኔ ነው የኔ ነው የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ፣ መንግስት ደግሞ 1885 ላይ "የማናችሁም አይደለም" ብሎ ቦታውን ከለለው፣ የካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ የተጀመሩት ከዛች ፍል ውሃ ነው። ከዛ በኋላ ግን ስቶኒዎቹን ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ከአደን ቦታቸው አገዷቸው። ይሄን ባንፍ ውስጥ ብዙ ቦታ ተጽፎ አታገኘውም፣ ለዛ ነው የምነግርህ።

ከልዊዝ አጠገብ ሞሬን የሚባል ሐይቅ አለ፣ ለኔ እሱ ይበልጣል፣ ድሮ የካናዳ ሃያ ዶላር ኖት ላይ የነበረው እሱ ነው። ግን ከ2023 ጀምሮ በግል መኪና መሄድ ተከልክሏል፣ በሹትል ባስ ነው፣ ሹትሉን ደግሞ ቀደም ብለህ ኦንላይን ቡክ ካላደረግክ አታገኝም። ወንድምህ "ችግር የለም በኔ መኪና እንሄዳለን" ካለህ አላወቀም ማለት ነው፣ አስጠንቅቀው።

ሁለት ቀን ካለህ ከሌክ ልዊዝ ጃስፐር የሚሄደውን መንገድ ንዳ፣ 232 ኪሎ ሜትር ነው፣ እኔ በካናዳ ውስጥ ከነዳሁት መንገድ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፣ ያውም በከባድ መኪና የማይኬድበት ስለሆነ ስራ ላይ እያለሁ አላየሁትም። መሃል ላይ አታባስካ የሚባለው ግግር በረዶ ጋር ትደርሳለህ። ከመኪና ማቆሚያው ወደ በረዶው ስትሄድ በየቦታው ዓመተ ምህረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ታያለህ፣ በዛ ዓመት በረዶው እዚህ ድረስ ነበር ማለት ነው። ባለፉት 125 ዓመታት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሸሽቷል። ራስህ የተወለድክበትን ዓመት አካባቢ አልፈህ ገና ብዙ ትሄዳለህ በረዶው ጋር ለመድረስ፣ እኔ እዛ ጋ ዝም ነው ያልኩት። ጃስፐር ከተማ ራሷ ጁላይ 2024 ላይ በደን እሳት ከቤቶቿ ሲሶ ገደማ ተቃጥሎባታል፣ ስትደርስ የቆሙ ጥቁር ግንዶች ካየህ ለዛ ነው።

አውሬ አያለሁ ወይ ብለህ ካሰብክ፣ አዎ። ባንፍ ውስጥ ሃይዌዩ ላይ ሳርና ዛፍ የበቀለበት ሰው የማይሄድበት ድልድይ ታያለህ፣ ስድስት አሉ፣ ከመንገዱ ስር ደግሞ 38 መሿለኪያ፣ ሁሉም ለእንስሳት ነው። ድብና አጋዘን በላይ ይሻገራሉ መኪና በታች ይሄዳል። በግራና ቀኝ ካለው አጥር ጋር ተዳምሮ እንስሳ በመኪና መገጨት ከሰማንያ ፐርሰንት በላይ ቀንሷል። እኛ ሾፌሮች ያን አጥር ስንገባ ነበር ትከሻችን የሚላላው።

*የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነን፣ ከሞንትሪያል። ኪቤክ ከተማ ውስጥ "የአብርሃም ሜዳ" የሚባል ቦታ አለ፣ ከአባታችን አብርሃም ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው?*

የለውም ልጆች። አብርሃም ማርተን የሚባል በ1600ዎቹ እዛ አካባቢ መሬት የነበረው የወንዝ መርከብ መሪ ነው። ከብቶቹን የሚያወጣበት መንገድ በስሙ ተጠራ፣ ከዛ ሜዳው፣ በቃ።

ሜዳው ግን የካናዳ እጣ የተወሰነበት ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 እንግሊዞች ማታ በጀልባ መጥተው ገደሉን ወጥተው ፈረንሳዮቹን ጠዋት እዛ ጠበቋቸው፣ ዋናው ውጊያ አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ የሁለቱም ወገን ጄኔራሎች ቆስለው ሞቱ። ዛሬ ካናዳ ውስጥ ለምን እንግሊዝኛ እንደሚበዛና ለምን ኪቤክ ፈረንሳይኛዋን ሙጭጭ ብላ እንደያዘች ከዛ ሳር ላይ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። አሁን ሰው ውሻ ያንሸራሽርበታል።

ኪቤክ ከተማን ግን በደንብ እዩ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከሜክሲኮ በላይ ግንብ አጥሯ ሳይፈርስ የቀረች ብቸኛ ከተማ ናት፣ 1608 ላይ ነው የተቆረቆረችው፣ ዩኔስኮ 1985 ላይ መዝግቧታል። ሐረር ሄዶ የጀጎልን በር ያየ ሰው እዛ ሲገባ አይደንቀውም፣ ጠባብ መንገድ፣ ዳገት፣ የድንጋይ ግንብ፣ ልዩነቱ በዊንተር ስኖው ወገብ ይደርሳል። ከላይ የሚታየው ቤተ መንግስት መሳይ ነገር ቤተ መንግስት አይደለም፣ 1893 የተከፈተ ሆቴል ነው፣ የባቡር ድርጅት ነው የሰራው (እዚህ አገር ባቡር ያልሰራው ነገር የለም)። ለአዳር ውድ ነው፣ ግን ሎቢው ውስጥ ገብቶ ዞር ዞር ማለት ማንም አይከለክልም። እናንተ ወጣቶች ስለሆናችሁ ሞንሞራንሲ ፏፏቴም ሂዱ፣ ከከተማው ደቂቃዎች ነው፣ 83 ሜትር፣ ከናያግራ ይረዝማል ብትሏቸው የቶሮንቶ ልጆች ይናደዳሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ካለ። ከ1945 ጀምሮ ያን ትምህርት ቤት ያስተዳደሩት ከኪቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉ የካቶሊክ ማህበር መምህራን ናቸው፣ ከነሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት 1950 ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የኛና የኪቤክ ነገር እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የጀመረ ነው።

*ይድረስ ለአዘጋጁ። በወጣትነቴ ሯጭ ነበርኩ፣ አሁን ኦታዋ ከልጆቼ ጋር ነኝ። ሞንትሪያል ያለውን የ1976 ኦሎምፒክ ስታዲየም ማየት እፈልጋለሁ፣ ልጆቼ ግን "አስቀያሚ ነው፣ ምን ያደርግልሃል" ይሉኛል። መሄዱ ዋጋ አለው?*

አባቴ፣ ልጆችዎ ስላልገባቸው ነው፣ ይሂዱ። ስታዲየሙ አስቀያሚ ነው ካሉም ብዙ አልከራከርም፣ ትልቅ የኮንክሪት ኤሊ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ያለው ግንብ 165 ሜትር ነው፣ 45 ዲግሪ ያዘነበለ፣ ለኦሎምፒኩ ይደርሳል ተብሎ 1987 ላይ ነው ያለቀው። እዳውን ኪቤኮች ከፍለው የጨረሱት 2006 ላይ ነው፣ ሰላሳ ዓመት፣ አብዛኛውን ከሲጋራ ቀረጥ። አጫሽ ነው የከፈለው ማለት ነው። ከመሄድዎ በፊት ልጆችዎ ስልክ ይደውሉ፣ ግንቡም ጣራውም እድሳት አያጣቸውም።

እርስዎ ግን ለምን መሄድ እንደፈለጉ የገባኝ ይመስለኛል። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ኒውዚላንድ ካልታገደች ብለው ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ጥለው ወጡ፣ ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር ሙኒክ ላይ 1972 በ10,000 ነሐስ ወስዶ ነበር፣ 1976 ብቃቱ ላይ የደረሰበት ነበር፣ እሱ በሌለበት ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን 5,000ንም 10,000ንም ወሰደ። ማን ያሸንፍ ነበር የሚለውን እኛ ትራክ ማቆሚያ ላይ ሻይ ይዘን ስንት ሌሊት ተከራክረንበታል፣ እኔ ማርሽ ቀያሪው በመጨረሻው ዙር ጥሎት ይሄድ ነበር ባይ ነኝ፣ ግን ሾፌር ስለሆንኩም ይሆናል። 1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ከዛ ደግሞ ነገሩ ዞሮ ምሩፅ በስተርጅና የኖረው እዚሁ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው፣ ያረፈውም እዛው ዲሴምበር 2016 ላይ፣ አስከሬኑ ነው አገር ቤት የገባው። ሊሮጥበት የነበረው ትራክ ከሚኖርበት ከተማ አምስት ተኩል ስድስት ሰዓት መንገድ ነበር። እኔ ስታዲየሙ ጋ ቆሜ ያሰብኩት ይሄንን ነው እንጂ ኮንክሪቱን አላየሁትም።

ሞንትሪያል ከደረሱ አይቀር የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያንም ይዩ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ከደረጃዎቹ መሃል 99ኙ የእንጨት ናቸው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ እየጸለየ ለሚወጣ ሰው ብቻ የተለዩ። ያሰራው አንድሬ የሚባል የበር ጠባቂ የነበረ መነኩሴ ነው፣ 2010 ላይ ካቶሊኮች ቅዱስ ብለውታል። እርስዎ በጎን ባለው ይውጡ፣ ሯጭ ቢሆኑም።

*ኦታዋ ስለ ቱሊፕ አበባው የሚወራው ልዕልቷ ሆስፒታል ውስጥ ስትወለድ ክፍሉ የሆላንድ መሬት ሆነ የሚለው እውነት ነው?*

ግማሹ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆላንድ ልዕልት ዩልያና ከልጆቿ ጋር ተሰዳ ኦታዋ ነበረች፣ 1943 ላይ ማርግሪት ስትወለድ ልጅቷ የካናዳ ዜግነት በመወለድ ብቻ እንዳታገኝ ካናዳ ክፍሉን ከራሷ ግዛት ውጪ ነው ብላ አወጀች። የሆላንድ ነው አላለችም፣ የማንም አይደለም ነው ያለችው። ከጦርነቱ በኋላ ለምስጋና ከሆላንድ ወደ ኦታዋ መቶ ሺህ የቱሊፕ ስር ተላከ፣ እስካሁንም በየዓመቱ ይላካል። ሜይ ላይ ነው የሚያብበው። በዊንተር ከሆነ የምትመጡት እዛው ሪዶ ቦይ ላይ 7.8 ኪሎ ሜትር ስኬቲንግ አለ፣ በረዶው ከጠነከረ ማለት ነው፣ በ2023 ዊንተር ጭራሽ ሳይከፈት ቀርቶ ከተማው ለቅሶ ተቀምጦ ነበር።

*የሰሜኑን ብርሃን (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን) እና የዋልታ ድብን በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል? (ሁለት ባችለሮች፣ ኤድመንተን)*

ቸርችል የምትባል ማኒቶባ ያለች ከተማ ሁለቱም አሉ፣ ግን ድቡ በደንብ የሚታየው ኦክቶበርና ኖቬምበር ሃድሰን ቤይ እስኪጋገር ባህር ዳር ሲጠብቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና ነው። መንገድ አይገባም፣ ከዊኒፔግ በባቡር ሁለት ቀን ምናምን ወይ በአውሮፕላን ነው፣ ኪሳችሁን አይታችሁ ወስኑ። እዛ ሰው መኪናውን አይቆልፍም፣ ድብ የመጣበት ሰው ዘሎ እንዲገባ። ከተማ ውስጥ ገብቶ ያስቸገረ ድብ የሚታሰርበት ቤት ራሱ አላቸው።

ብርሃኑን ብቻ ከሆነ ለእናንተ የሎውናይፍ የምትባለው የሰሜን ከተማ ትቀርባለች፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሰው ሁሉ የሚሄደው ዊንተር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው፣ እኔ ግን ሴፕቴምበር እላለሁ፣ አጠገቧ ያለው ሐይቅ ገና ስላልጋገረ ብርሃኑ ውሃው ላይም ይታያል፣ ጣታችሁም ስልክ ለመንካት ይታዘዛል።

*ጋሼ፣ አንተ ራስህ እንደገና ሂድ፣ ወጪህ ተችሏል ብትባል የት ነው የምትሄደው?*

ሃሊፋክስ፣ ምስራቅ ጫፍ ያለው የኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ። ሳላስብ ነው የመለስኩት።

በመጀመሪያ ባህሩ። ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብሩንስዊክ መሃል ፈንዲ የሚባል ባህረ ሰላጤ አለ፣ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፣ አምስት ፎቅ ያህል በሉት። ሆፕዌል ሮክስ ላይ ጠዋት የባህሩ ወለል ላይ በእግራችሁ በድንጋዮቹ መሃል ትሄዳላችሁ፣ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ እዛው ቦታ በጀልባ ነው። ሰዓቱን ኦንላይን ሳታዩ እንዳትሄዱ፣ እኔ ሞልቶ ደርሼ ስድስት ሰዓት መኪና ውስጥ ተኝቻለሁ።

ሁለተኛው ፒር 21 ነው፣ ሃሊፋክስ ወደቡ ላይ ያለ የድሮ መጋዘን፣ አሁን የስደተኞች ሙዚየም። ከ1928 እስከ 1971 ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በመርከብ መጥቶ ካናዳን በዛ በር ነው የገባው። እኛ ሁላችን በቶሮንቶው ፒርሰን ኤርፖርት ነው የመጣን፣ ስለዚ የኛ ታሪክ አይደለም ብዬ ነበር የገባሁት፣ ለግማሽ ሰዓት ብዬ። ሶስት ሰዓት ቆየሁ። የእንጨት ወንበሮቹ አሉ፣ ሰው ስሙ እስኪጠራ የጠበቀባቸው፣ ሻንጣዎቹም። ከሁሉ ግን ምግቡ ነው የገደለኝ፣ የጣሊያንና የሆላንድ እናቶች ይሄ አገር ውስጥ የሚበላ ነገር አይኖርም ብለው በየሻንጣው ቋሊማና አይብ ደብቀው ያመጡ ነበር፣ የጉምሩክ ሰዎቹ እየፈለጉ ይወስዱባቸዋል፣ ሴትዮዋ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ እዛ ጋ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጠባቂዋ ዞራ አየችኝ። የኔ እናት ፒርሰን ላይ ሁለት ኪሎ ቋንጣ ነው የተወሰደባት፣ እስከ ዛሬ ትናገረዋለች።

እና አንቺ የመጀመሪያዋ ጠያቂ፣ ረስቼው ነበር፣ ሽሮና በርበሬው ችግር የለውም፣ ፎርሙ ላይ "ምግብ ይዣለሁ" የሚለው ላይ አዎ ብላ ትሙላ። ቋንጣ ግን እንዳትይዝ ከአሁኑ ደውለሽ ንገሪያት።